ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም

የጋለ ላስቲክ ሲሸተኝ እናደዳለሁ። ሌላውን ሰው ወደ ድሮው የሚመልሰው የአደይ ሽታ ነው፣ ዝናብ የነካው አፈር ነው፣ ምናልባትም የእናቱ ቀሚስ ነው። እኔን የሚመልሰኝ መታወቂያ የሚለበድበት ማሽን ነው። ባለፈው ማክሰኞ የአንድ ሾፌር መንጃ ፈቃድ ማሽኑ ውስጥ ተጣሞ ገባና ነደደብኝ። ቤቱ በጭስ ሲሞላ በሩን ልበረግድ ብነሣ፣ በሩ ላይ አንጓች ቆማለች። ዣንጥላዋን እያራገፈች፣ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ፣ «አንች ዝኔ፣ ዛሬም የሰው መታወቂያ ታቃጥያለሽ?» አለችኝ። ሳቅሁ። ይህንኑ ቃል በዚሁ ሽታ ውስጥ፣ በዚሁ በር ላይ ቆማ፣ ከዐሥራ ምናምን ዓመት በፊት ብላኝ ነበር። ያን ጊዜ እሷ ሊያልፍላት የተቃረበ ሰው ነበረች፤ እኔ ደግሞ የሚያልፍላቸውን ሰዎች ወረቀት የምጽፍ ልጅ።

ትዝታ የሽማግሌ ነው ይላሉ። ሠላሳ አምስት ያልሞላት ሴት፣ ያውም ከዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ያላለፈች፣ ምን የሚተረክ ዘመን አላት? አላት። ዘመን በዕድሜ ብቻ አይቆጠርም፤ ዋጥ አድርገሽ ባስቀመጥሽው ነገርም ይቆጠራል። እኔ የዋጥሁት አንድ ገጽ ወረቀት ነው፤ እስከ ዛሬም አልተፈጨልኝም።

ቤቱ ያው ይሄው ነው፤ ደብረ ታቦር፣ ከመናኸሪያው ወደ ገበያው ስትወጡ ከፀጉር ቤቱ ቀጥሎ። ያን ጊዜ ግድግዳው ጭቃ ነበር፤ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ፣ ክረምት በገባ ቁጥር ከሥር ወደ ላይ እየተላጠ ይሄዳል። ማስታወቂያውን የጻፈው ሰውዬ «ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን» ብሎ በትልልቁ ጀምሮ ጣውላው ስላለቀበት፣ «ኢንተርኔት» የሚለውን ጥጉ ላይ እንደ ጉንዳን አሰልፎታል። ውስጥ ሦስት ኮምፒውተሮች ነበሩ፤ ጀርባቸው ወደ ኋላ የገፋ፣ እያንዳንዳቸው ዳንቴል የለበሱ። ጧት ጧት ዳንቴሉን ገልጦ ማጠፍ፣ ማታ መልሶ ማልበስ የኔ ሥራ ነበር፤ ኮምፒውተር ሳይሆን ታቦት የማገለግል ይመስለኝ ነበር። አንድ ገጽ ጽሕፈት ሁለት ብር፣ ፎቶ ኮፒ ሠላሳ ሳንቲም፣ ኢንተርኔት በደቂቃ ሃያ አምስት ሳንቲም። የኢንተርኔቱ መስመር ሲገናኝ እንደሚታረድ ፍየል ይጮኻል፤ እስኪገናኝ ድረስ ቤቱ ሙሉ ሰው ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል፤ ካልተገናኘ አንዱ «በሉ ዛሬም ፈረንጅ ተኝቷል» ይልና ሁሉም ይስቃል። ከማዶ ያለው ካሴት ቤት አንድ ዘፈን ከያዘ ሳምንት አይለቅም፤ ክሩ ስለረገበ የዘፋኙ ድምፅ ወደ ማታው እንደሰከረ ሰው እየወፈረ፣ እየተጎተተ ይሄዳል፤ የኛም ጣት በዚያው ልክ ይጎተታል። ሱሪያችን ከጉልበት በታች የሚሰፋ ጂንስ ነበር፤ የመናኸሪያውን ጭቃ ጠራርጎ ቤት የሚያስገባ። ቅዳሜ የልባሽ ልብስ ቦንዳ ሲፈታ ሹራብ ለመምረጥ የማይጋፋ ሴት አልነበረም፤ መምህሯም ነርሷም እኔም ክምሩ ላይ እኩል ነበርን። ፓስቲም እንደ ዛሬው ቀለበት አላከለም፤ አንዱ ምሳ ይሆን ነበር። አሁን እዚያው ማዶ የሚሸጠው የስልክ መሸፈኛ ነው። ዘፈን የሚሰማው እያንዳንዱ በጆሮው ከትቶ ነው፤ ጎረቤትህ ምን እንደሚያዝን እንኳ አታውቅም።

የቤቱ ባለቤት ጋሼ ሙሉ ነበሩ፤ በፍርድ ቤት በር ላይ በታይፕ ማመልከቻ ሲጽፉ ያረጁ ሰው። ሲቀጥሩኝ አንድ ሕግ ብቻ ነገሩኝ። «ስሚ ልጄ፣ የጽሕፈት ሠራተኛ ዓይንና ጣት እንጂ አፍ የላትም። እኔ የባልን ክስ ጧት፣ የሚስትን መልስ ከሰዓት ጽፌ፣ ለሁለቱም እንደምን ዋላችሁ ያልሁ ሰው ነኝ። ያየሽው ወረቀት ላይ ይቅር።» የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርሁ። የማትሪክ ውጤቴ ለዩኒቨርሲቲ በጥቂቱ ጎድሎብኝ ቤት ውስጥ ከሰው ጋር ሁሉ የምጣላ፣ አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችል ልጅ ነበርሁ። አፍ የለሽም መባሉ ያመኝ ነበር፤ ግን እንጀራዬ ነበርና ዋጥሁት።

ያኔ የዕድል ወረቀት የሚባል ነገር ነበር። እኛ ነን እንደዚያ ያልነው። መምህሩ፣ የእርሻ ባለሙያው፣ ሁለተኛ ዲግሪውን የጨረሰ ሁሉ ከጋዜጣ የተቀደደ ቁራጭ ወይም ጓደኛው ከአዲስ አበባ በእጅ የገለበጠለትን አድራሻ ይዞ ይመጣል። እኔ እከፍትላቸዋለሁ፣ አትምላቸዋለሁ፣ የሕይወት ታሪካቸውን እጽፍላቸዋለሁ። ፌሎሺፕ፣ ስኮላርሺፕ፣ የምርምር ድጋፍ፤ ስንቱን ቃል የተማርሁት ከቅጽ ላይ ነው። ዘጠኙ ሄዶ ይቀራል፤ አንዱ ይሳካለትና አንድ ጧት ኮት ለብሶ መናኸሪያ ይታያል። እኔ ያንን ሁሉ የማየው ከዳንቴሉ ጀርባ ሆኜ ነው። ቀናሁ ወይ? አዎ፣ ቀንቻለሁ። በአንጓች ግን አልቀናሁም።

አንጓች የጉና ተራራ ሥር ገበሬ ልጅ ናት። ያን ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። የምትመራመረው ስለ ገብስ ነበር፤ ውርጭ የማይገድለው ገብስ አለ ወይ ብላ። ቅዳሜ ቅዳሜ ድንች የጫነ አይሱዙ ላይ፣ ጆንያው መካከል ተቀምጣ ትወርዳለች፤ ፊቷ በብርድ ተልጦ፣ ቦቲ ጫማዋ የጉናን አፈር ተሸክሞ። ጋሼ ሙሉ ቦቲዋን ባዩ ቁጥር «ልጄ፣ ቤቴ ውስጥ ገብስ ልታበቅይ ነው?» ይሏታል፤ እሷም «እዚህ እንኳ አይበቅልም ጋሼ፣ ቤትዎ ሞቃት ነው» ትላለች። ከዚያ ከጎኔ አግዳሚው ላይ ትቀመጥና ከኪሷ ቆሎ እያወጣች ሳምንቷን ትነግረኛለች። ዲግሪ ከሌለኝ ሰው ጋር እያወራች እንደሆነ ትዝ ብሏት አያውቅም። ስለዚህ ነው ያልቀናሁት።

ከነገረችኝ ሁሉ የሚበልጠው የዳሩ መስመር ነገር ነው። ጉና ላይ በአንዲት ባልቴት ማሳ፣ ከመሥሪያ ቤቱ የመጣውን ምርጥ ዘር በየመስመሩ ዘርታ ነበር። የመሞከሪያ ማሳ ሲዘራ ዳሩ ላይ ለመከለያ ያህል ሌላ መስመር ይዘራል፤ ነፋሱንም ከብቱንም የሚቀበለው እሱ ነው፣ ሲታጨድ ግን አይቆጠርም። ለዚያ ዳር ዘር ጎደላትና ባልቴቲቱ ከራሳቸው ጎተራ አንድ ቁና ገብስ ሰጧት። ኅዳር ላይ ውርጭ ወረደ። በማግሥቱ ማሳው የፈላ ውኃ የተደፋበት ይመስል ነበር። ሁሉም ተኝቷል፤ የቆመው የዳሩ መስመር፣ ያ የማይቆጠረው፣ የባልቴቲቱ ገብስ ብቻ ነው።

አለቃዋ ዶክተር ይትባረክ ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር። ከድጓ ቤት ወጥተው፣ ዘመናዊውን ትምህርት ዘልቀው፣ ዶክተር ሆነው የተመለሱ፤ ቡናማ ሙሉ ልብሳቸው ላይ ነጠላ የሚያጣፉ፣ ሲሄዱ መንገድ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ባርኔጣውን የሚያነሣላቸው ሰው። ማሳው ተበላሽቷል፣ ይመዝገብና ይነቀል አሉ። እሷ የዳሩን መስመር እቆጥራለሁ አለች። «የዳር መስመር አይቆጠርም፤ ሕግ ነው» አሏት። እሷ፣ በመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ ፊት፣ «አንቱ ጉና አልወጡም እኮ! የወጣሁት እኔ ነኝ! በዓይኔ ያየሁትን ሕግ ስለሌለው አላየሁም ልበል?» ብላ ጮኸችባቸው። ጮኸች። ጸሐፊዋ ብዕሯን ጥላ ወጣች ይባላል። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ አንጓች ጉልበት ስማ ታረቀች፤ ግን መስመሩን ቆጠረች። በዓመቱ ያንኑ ገብስ ብቻ በሦስት ማሳ ዘራችው፤ ውርጩም መጣ፤ ገብሱም ቆመ። ዶክተር በበቅሎ ጉና ድረስ ወጥተው አዩት። ባርኔጣቸውን አውልቀው ማሳው ዳር ቆመው ቆዩና፣ «አንች ነበርሽ ልክ» አሏት። ይህን ስትነግረኝ ቆሎው በመዳፏ ላይ ቀርቶ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። «ዝኔ፣ ማንም አልሰማም፤ እኔና እሳቸው፣ በቅሎዋም» ብላ ሳቀች።

የፌሎሺፑ ወረቀት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ለሴት ተመራማሪዎች የተዘጋጀ፣ ሁለት ዓመት ባሕር ማዶ፣ ሦስተኛ ዲግሪ የሚያስጀምር። ቅጹን ያተምሁላት እኔ ነኝ፤ እንግሊዝኛዬ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ቢሆንም የሚለው ገብቶኛል። ስለ እጩዋ ደብዳቤ የሚጽፈው መስካሪ እንዲህ ይጠየቃል፦ እጩዋ በራሷ አስባ፣ የተለመደውን ተጋፍታ የሠራችውን አንድ ነገር በምሳሌ ግለጡ። አነበብሁትና ለራሴ ሳቅሁ። አለቀ በቃ፣ ቅጹ የተጻፈው ለአንጓች ነው አልሁ። እሷም እንደዚያው መስሏት ነበር መሰለኝ፣ የዚያን ቅዳሜ ከቦንዳ አንድ ጥቁር ካፖርት ገዛች፤ ከባድ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ። ለብሳው ስትገባ ጋሼ ሙሉ «ኧረ ካፖርቱ ቀድሞሽ ቪዛ አግኝቷል!» አሉ። ያን ቀን ነው ላስቲክ ነድዶብኝ «የሰው መታወቂያ ታቃጥያለሽ?» ያለችኝ። የጋለ ላስቲክ፣ የካፖርት ናፍታሊን፣ የማዶው ዘፈን፤ እንደዚያ ያለ ቀን ደግሞ አልመጣልኝም።

ሐሙስ ዕለት ዶክተር ራሳቸው መጡ። የምስክርነቱን ደብዳቤ በእጃቸው፣ በሚያምር እንግሊዝኛ ጽፈው፣ በኪሳቸው አጥፈውት። ጋሼ ሙሉ ተነሥተው ወንበር ለቀቁ። «ምስጢር ነው» አሉኝ ዶክተር፤ «አንጓች ራሷም ብትሆን አታይም።» ወረቀቱን ዘረጋሁና መጻፍ ጀመርሁ። የሚለው እንዲህ ነበር፦ ወይዘሪት አንጓችን ሦስት ዓመት አውቃታለሁ። በምግባሯ የተመሰገነች፣ ትሑት፣ ታዛዥ፣ ከሰው ጋር ተስማምታ የምትኖር ናት። የታዘዘችውን በጊዜው ትፈጽማለች። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ሰምቻት አላውቅም።

በቃ። ገብስ የሚል ቃል አልነበረውም። ውርጭ አልነበረውም። ጉና እንኳ አልነበረውም።

ጣቴ ቆመ። ዶክተር ዓይናቸውን አንሥተው አዩኝ፤ ጻፍሁ። ምን ብዬ ልናገር? እሳቸው ጸሐፊ ሊቅ፣ እኔ የሁለት ብር ልጅ። ሲያነቡት ደስ አላቸው፤ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ፊታቸው በራ። በድጓ ቤት ደቀ መዝሙር መምህሩ የሚመሰክርለት እንደዚያ ነበር፦ ትሑት ነው፣ ይታዘዛል፣ አይመልስም። ካወቀማ ዜማው ራሱ ይናገራል፤ መምህሩ የሚመሰክረው ለጠባዩ ነው። ለሷ ያላቸውን ከፍተኛውን ምስጋና ነበር የሰጧት። የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ረግሜያቸው ዕረፍት አገኝ ነበር።

ደብዳቤው ላይ ክቡን ማኅተም ረገጥ አድርገው መቱበት፤ እኔ በስካነር አንሥቼ ላክሁት። የኢሜይል አድራሻቸውን የከፈትሁላቸው እኔ ነበርሁ፤ የይለፍ ቃላቸውም በኔ ደብተር ላይ ተጽፎ ነበር፤ ያኔ የግማሽ ከተማው ሰው እንደዚያ ነበር። ስለዚህ በቀጣዩ ሰኞ ከፌሎሺፑ ሰዎች መልስ ሲመጣ መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። አጭር ነበረች። ስለ ደብዳቤዎ እናመሰግናለን፤ እባክዎ እጩዋ በራሷ ያመጣችውን ሥራ በአንድ ምሳሌ ቢጨምሩልን፤ እስከ ዐርብ እንጠብቃለን። ልቤ ዘለለ። ዳንቴሉን እንደያዝሁ ሮጥሁ። ዶክተርን ከመሥሪያ ቤታቸው በር ላይ አገኘኋቸውና ይዤያቸው መጣሁ፤ አተምሁላቸው፤ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፤ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

«ቃል አንድ ነው» አሉ። «መስክሬያለሁ። ደግሞ ልጻፍ ብል ልጅቷን ለማኝ ማድረግ ነው።»

«ዶክተር፣ የገብሱን... የዳሩን መስመር ነገር ቢጽፉላቸውስ?» አልሁ። ከየት እንደወጣ አላውቅም፣ አፌ ውስጥ ተገኘ።

ቀና ብለው አዩኝ። አልተቈጡም፤ ብቻ አዘኑብኝ። «ልጄ፣ የሰው ነውር በአደባባይ ይወጣል? በሰው ፊት የጮኸችብኝን ጽፌ ባሕር ማዶ ልላክባት? እኔ ነውሯን ሸፈንሁላት። አንችም ሸፍኝላት።»

ጋሼ ሙሉ ከጥግ ሆነው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሕጉን እያስታወሱኝ ነበር። ዳንቴሉን አንሥቼ ማጠፍ ጀመርሁ።

እስከ ዐርብ አራት ቀን ነበረ። አንጓች ቅዳሜ ነው የምትወርደው፤ ግን ወደ ጉና የሚወጣ አይሱዙ በየቀኑ አለ። አንድ ቁራጭ ወረቀት፣ ሁለት መስመር፣ ለሾፌሩ መስጠት ነበር። «አንጓች፣ ነይና ዶክተርን ለምኚ» ብቻ ማለት ነበር። የይለፍ ቃሉ ደብተሬ ውስጥ ነበር፤ እኔው ራሴ ጽፌ ብልክስ ማን ያውቅብኛል? ይህን ሁሉ አስቤያለሁ። አስቤ ዳንቴሉን አልብሼ ቤቴ ገባሁ። አራት ቀን እንደዚያ። ከቤት ሰው ጋር ለትንሽ ለትልቁ የማልተወው እኔ፣ ያቺ ነገረኛዋ ዝናሽ፣ መናገር በሚያስፈልግበት በአንዱ ጊዜ ጨዋ ሆንሁ።

የእምቢታው መልስ የመጣው በሦስተኛው ወር ነው። አንጓች አግዳሚው ላይ፣ ካፖርቱን ለብሳ፣ ከኮምፒውተሩ ማያ ላይ አነበበችው። ሁለት ጊዜ አነበበችው። አላለቀሰችም። «አየሽ ዝኔ» አለች፣ «ገብሱ ነው። የአንዲት ባልቴት ገብስ ምን ያደርግላቸዋል? እኔ ነኝ ቂሏ፤ የዳር መስመር አይቆጠርም ብለውኝ ነበር።» አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ገብሱ አይደለም ማለት እችል ነበር። «አይዞሽ» አልኋት። አይዞሽ! ያችን ቃል ባስታወስኋት ቁጥር ምላሴን መንከስ ያምረኛል።

ገብሱን ተወችው። ያስቀመጠችውን ዘር ለባልቴቲቱ መለሰችና ከቢሮ ወደ ቢሮ የምትዘዋወር ባለሙያ ሆነች፤ ሪፖርት ጸሐፊ፣ ስብሰባ ተካፋይ። ካፖርቱን ግን ክረምት ክረምት ትለብሰው ነበር፤ ባየሁት ቁጥር መንገድ እቀይር ነበር። በሠርጓ ቀን ጨፍሬያለሁ። ዶክተር ሲሞቱ ቀብራቸው ላይ ከሁሉ በላይ ያለቀሰች እሷ ናት፤ ደግፌያት የቆምሁት ደግሞ እኔ። ከዚያ እሷ ኮሌጅ ማስተማር ጀመረች፤ ጋሼ ሙሉ አረጁና ማሽኖቹን ለኔ ሸጡልኝ፤ ጭቃው ግድግዳ ብሎኬት ሆነ፤ የኢንተርኔቱም ፍየል መጮኹን ተወ። ዘመኑ መንገድ የሚዘጋበት የሚከፈትበት፣ መብራትና ኢንተርኔት እንደ እንግዳ ደርሶ የሚሄድበት ሆነ። ከደጄ ያለችው ጄኔሬተር ናት ሰውን ሁሉ ወደኔ የምትመልሰው። ባለፈው ማክሰኞም አንጓችን ያመጣት እሷ ናት።

ጭሱ ወጣ። ዣንጥላዋን ጥግ አስደገፈችና ከቦርሳዋ ሁለት ጊዜ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። «መብራት የለም፣ ኮምፒውተሬም ሞተብኝ። አንዲት ተማሪዬ ለፌሎሺፕ ታመለክታለች፤ ነገ ያልቃል። ጻፊልኝና ማኅተም አስመትቼ እመለሳለሁ። ምስጢር ነው ደግሞ» ብላ ጠቀሰችኝ።

ዘረጋሁት። የእጇ ጽሕፈት ያምራል። ሰላም የምትባለዋን ተማሪ ሁለት ዓመት አውቃታለሁ ይላል። ጨዋና ትሑት ናት። የተሰጣትን ሥራ በታዛዥነት ትፈጽማለች። ከማንም ጋር ተጋጭታ አታውቅም።

ወረቀቱን አጥፌ ጠረጴዛው ላይ መልሼ አስቀመጥሁት።

«አልጽፈውም» አልኋት።

«እንዴ? ወረቀት አለቀብሽ?»

«ወረቀት አለ። ይህን አልጽፍም። ይህች ልጅ ምን ሠርታለች?»

«ምን ማለትሽ ነው? ጎበዝ ልጅ ናት እኮ! ባለፈው ዓመት የድንች በሽታ ስንለካ ቁጥሬ ስሕተት ነው ብላ ክፍል ውስጥ አፋጥጣኛለች፤ ስታዪያት ትንሽ ናት፣ ምላሷ ግን...» ሳቀች። «እሱን ላወጣባት ነው እንዴ?»

«ስሕተት ነበር?»

«ምኑ?»

«ቁጥርሽ።»

«ነበር» አለች።

ያን ጊዜ ነገርኋት። ቆሜ፣ ጄኔሬተሩ ከውጭ እየጮኸ፣ ሳላቋርጥ። ሐሙሱን፣ ማኅተሙን፣ ሰኞ የመጣችውን አጭር መልስ፣ «ነውሯን ሸፈንሁላት» ያሉትን፣ እስከ ዐርብ የነበሩትን አራት ቀኖች። ገብሱ አልነበረም አልኋት። ማንም ገብስሽን አይቶ አልናቀውም፤ ዶክተር ከነጭራሹ አልነገሯቸውም። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም ብለው ነው የጻፉልሽ፤ የተየብሁትም የላክሁትም እኔ ነኝ።

ዶክተርን ትቆጣለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም። «ይወዱኝ ነበር እኮ» አለች ለራሷ። «ይወዱሽ ነበር» አልኋት፤ «እኔ ግን እስከ ዛሬ ተናድጄባቸዋለሁ።» ከዚያ ዓይኗን ወደኔ አዞረች፤ ያ ዓይን ነው የጉናን ውርጭ ያየው።

«አንችስ?» አለችኝ። «አንች ታውቂ ነበር። ቆሎ ከእጄ እየበላሽ፣ በሠርጌ እየጨፈርሽ፣ በሳቸው ቀብር ክንዴን ይዘሽ። ገብሱ ነው ስልሽ አይዞሽ አልሽኝ። ዘሩን እኮ መለስሁት፣ ዝናሽ! ባልቴቲቱ ሞቱ፣ ዘሩን ማን እንደያዘው እንኳ አላውቅም!» ጮኸች። ዐሥራ ምናምን ዓመት ያልሰማሁትን ድምፅ በሙሉ ጮኸች። ፎቶ ኮፒ የሚጠብቅ ሰውዬ ወረቀቱን ይዞ ወደ ውጭ ወጣ። ዝኔ አላለችኝም፤ ዝናሽ ነው ያለችኝ።

ከዚያ አግዳሚው ላይ፣ በድሮው ቦታዋ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ከጠረጴዛዬ ብዕር አነሣችና ወረቀቷን ስባ ከላይ እስከ ታች ሰረዘችው። «ክፈች» አለችኝ፤ ኮምፒውተሩን። ከፈትሁ። ፊቷን ወደ በሩ እንዳዞረች ማስጻፍ ጀመረች፤ እኔም ጻፍሁ፦ ይህች ተማሪ በክፍል ፊት ቆማ ተሳስተሻል ብላኛለች። ተቆጣኋት። በማግሥቱ ማሳው ድረስ ሄጄ ራሴ ደግሜ ለካሁ። የተሳሳትሁት እኔ ነበርሁ።

የመጨረሻዋን መስመር ሦስት ጊዜ አጥፍቼ ነው የጻፍኋት። አትሜ ሰጠኋት፤ አነበበችው፤ ዣንጥላዋን አነሣች። በሩ ላይ ስትደርስ ትዞራለች ብዬ ጠበቅሁ። ደህና ዋይ እንኳ ሳትለኝ ወጣች፤ ማኅተሙን ልታስመታ ወደ ላይ በሚወጣው መንገድ፣ በፍጥነት፣ ጭቃውን ሳትመርጥ።